የአቶ ላሊሞ ወንበርና የታደለች ፌስታል

አቶ ላሊሞ ለገዛ የጡረታ ሽኝታቸው ሳይመጡ ቀሩ።

አዳራሹን ያሰማመርነው እኛው ነን። ኬኩ ላይ ስማቸው ተጽፏል፤ ተረኛ ከሆነው በቀር የሆቴላችን ሠራተኛ በሙሉ፣ ከወጥ ቤት እስከ ጥበቃ፣ ተሰብስቧል፤ ሥራ አስኪያጁም ክራቫቱን አሳምሮ አስሯል። የክብር ወንበሩ ላይ ግን ሰው የለም። አፉ በደንብ የተቋጠረ አንድ ጥቁር ፌስታል ብቻ ተቀምጧል። አዲሶቹ ልጆች «ማነው ዕቃውን እዚህ የረሳው?» ብለው ሊያነሱት ሲሉ ታደለች ከኋላ እየሮጠች ደርሳ እጃቸውን ያዘች። ፈትታ አየችው። ግራጫው ኮታቸው ነው፣ በሥርዓት ታጥፎ፤ ከላዩ የሆቴሉ መታወቂያቸው አለ። መልሳ ቋጠረችውና አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች፤ ፌስታሉንም ከወንበሯ ሥር ሸጎጠችው።

«ጉድ ነው ምሕረት» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ እየሳቀች። «የኔን ፌስታል መለሱልኝ እኮ።»

እኔም ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ። የታደለችን ፌስታል ታሪክ የምናውቀው ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበርን ሰዎች ነን። አሁን ልንገራችሁ፣ ካልነገርኩት ያፍነኛል።

አቶ ላሊሞ የሆቴላችን የሰው ሀብት ኃላፊ ነበሩ። እኛ ግን «ፐርሶኔል» ነው የምንላቸው፣ የድሮ ስሙ ይጣፍጣል። እኔ ደግሞ አስተናጋጅ ነኝ፣ የሠራተኛ ማኅበሩም ሊቀመንበር። እንደ ወጉ ከሆነ ባላንጣዎች ነን። እኔ ለሠራተኛው፣ እሳቸው ለአሠሪው። ስንት ቀን በራቸውን በኃይል ዘግቼ ወጥቻለሁ! ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጠዋት ተነስቼ ከእሳቸው ጋር የምከራከርበት ጉዳይ እንዳለ ሳስታውስ ደስ እያለኝ ነበር ልብሴን የምለብሰው።

ገና የተቀጠርኩ ዕለት ነው ያስደነገጡኝ። ቃለ መጠይቅ ብለው ጠሩኝ። ዘመድ ጎረቤቱ «ራስሽን አስተዋውቂ ይሉሻል» ስላለኝ እሱኑ ሸምድጄ ገባሁ። ቢሮአቸው ውስጥ ጠረጴዛው ግድግዳ ተጠግቶ፣ ፊቱን አዙሮ ቆሟል። ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ሐይቁ ዞሯል። አንዱ ላይ እሳቸው፣ አንዱ ላይ እኔ፤ ታክሲ ውስጥ የተገናኘን ነው የምንመስለው።

«ለመጨረሻ ጊዜ የተጣላሽው ከማን ጋር ነው?» አሉኝ።

ደንግጬ እውነቱ አመለጠኝ። ከመዘምራን መሪያችን ጋር ነው አልኩ። ልምምድ ላይ አርፍጄ ብገባ በሰው ሁሉ ፊት ከበር መለሰችኝ፣ እኔም የአፌን ነገርኳት።

«ደግ። አሁን የእሷን ወገን ንገሪኝ።»

«የኔን እኮ አልጨረስኩም።»

«ያንቺንማ ቤትሽ ስትገቢ ለእናትሽ ትነግሪያለሽ። እኔ የምፈልገው የእሷን ነው።»

ምን አማራጭ አለኝ፣ ጀመርኩ። ያ ሁሉ ሰው ሥራውን ጥሎ በሰዓቱ ይመጣል። አንዷ ስታረፍድ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። ዛሬ ብታልፋት ነገ ሁለት ይሆናሉ። እየተናገርኩ ሳለ ለካ ልጅቷ እውነት አላት! ድምፄ እየቀነሰ ሄደ። አቶ ላሊሞ ከት ብለው ሳቁና «ሰኞ ጀምሪ» አሉኝ። እንግሊዝኛ ትችያለሽ ወይ እንኳ አላሉኝም። እሱን በኋላ ለፈረንጆቹ አሳይቻቸዋለሁ፣ ምን እንዳሳየኋቸው ባይነሳ ይሻላል።

ሁሉንም የቀጠሩት እንዲህ ነው። የተጣላውን ሰው ወገን መናገር ያቃተው፣ ዲግሪ ቢደረድርም ቢሮአቸውን አያልፍም። «የራሱን ብቻ የሚሰማ ሰው ለብቻው ሱቅ ይክፈት» ይላሉ።

ሲዳማ ናቸው፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው። ረጅም ዓረፍተ ነገር አይወዱም። አንዴ ከአዲስ አበባ የመጣ ጠበቃ ንግግራቸው እጥር ብሎበት ፈገግ ቢል፣ «አማርኛዬ አጭር ስለሆነ ውሸት አይበቃውም» አሉት። ክርክር ሲጀመር ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው ኪሳቸው ይከቱታል። ከዚያ «አፊኒ?» ይላሉ። በሲዳማ ሽማግሌዎች ዘንድ ነገር ሲቀርብ የሚባል ነው፤ ሰምታችኋል ወይ ማለት ነው። ሰምቻለሁ ብሎ ማለፍ ግን የለም። የሰማኸውን መልሰህ ትናገራለህ፣ ባለቤቱም «ትክክል ነው» እስኪልህ ድረስ ያንተ ተራ አይደርስም። በመጨረሻም «ያልተሰማ አለ?» ብለው ይጠይቁና ሰዓታቸውን ያስራሉ። ያኔ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። የወጥ ቤት ልጆች «አቶ አፊኒ» እያሉ ያሟቸዋል። ያውቃሉ፣ ይስቃሉ።

እንግዲህ ታደለች።

ታደለች ክፍል አጽጂ ናት። ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ ልጇ ገና ጡት ላይ ነው። ቤቷ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው፤ ከሐይቅ ዳር እዚያ ድረስ ሄዶ መመለስ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ እህቷ ልጁን በባጃጅ ታመጣዋለች፤ ታደለች በአትክልቱ በኩል በጓሮው በር ሾልካ ትወጣና አጥሩ ሥር ተቀምጣ ታጠባለች። ጦጣዎቹ ከዛፉ ላይ ሆነው ያዩአታል። ጥበቃዎቹም ያዩአታል፣ ዞር ይሉላታል። የጽዳት ጓደኞቿ ክፍሎቿን ይሸፍኑላታል። አለቃ ሲጠይቅ «ስቶር ወርዳ ነው»፣ «አሁን እዚህ ነበረች» ይባላል። እኔ ራሴ ብዬላታለሁ።

እና የኛን ሞኝነት እዩልኝ። ሆቴሉ ሙሉ ያውቃል፤ የማያውቁት አለቆቹ ብቻ ናቸው። ከነገርናቸው ያባርሯታል ብለን ሁላችንም በፍቅር አፋችንን ዘጋን። እሷም ለወንድ አለቃ «ጡት ላጠባ ነው» ማለት አፈረች። እኛ በሸፈንን ቁጥር እሷ ሥራ ጠል መሰለች። አንዴ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፣ ተደገመባት። ሦስተኛው ስንብት ነው። የልጁ አባት ደግሞ ሥራ ፍለጋ ብሎ ከሄደ ወዲህ ድምፁ የለም። ቤቱ የሚተዳደረው በታደለች እጅ ነው፣ ያን ሥራ ካጣች አለቀላት።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዮናታን ያኔ አዲስ ነው፤ ከታናሽ ወንድሜ አይበልጥም፣ ከአዲስ አበባ በማኔጅመንት ተመርቆ የመጣ። ክፉ አይደለም፣ ግን ቸኩሏል። ጉዳዩን እንጨርስ ብሎ አራታችንን አቶ ላሊሞ ቢሮ ሰበሰበን፣ እሱ፣ አቶ ላሊሞ፣ ታደለችና እኔ።

ታደለች የገባችው ያን ጥቁር ፌስታል ይዛ ነው። ውስጡ የሥራ ልብሷ አለ፣ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ።

«መባረሬ ካልቀረ ንብረታችሁን ልመልስ ብዬ ነው» አለች። ጠረጴዛው ላይ ልታስቀምጥ ስትል አቶ ላሊሞ ከእጇ ተቀበሏት። ከራሳቸው ወንበር ሥር አስገቡትና ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ።

አቶ ዮናታን ጀመረ። «በሥራ ሰዓት ትጠፋለች። ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አስጠንቅቀናል። እንግዳ ሻንጣውን ታቅፎ ሎቢ ይቀመጣል። ሌላ ሆቴል ደርባ ትሠራለች የሚል ጥርጣሬም አለኝ።»

እኔ ምን ልበላችሁ፣ ደሜ ፈላ። ያዘጋጀሁት ክርክር ስለ ማስጠንቀቂያው አሰጣጥ ነበር፤ ስለ ልጁ ትንፍሽ ላልል ለታደለች ቃል ገብቻለሁ። ግን «ደርባ ትሠራለች» ሲል አፌ ቀደመኝ። «እሷ ከተባረረች ቅዳሜ እዚህ የሚደገሰውን ሠርግ ራሳችሁ አስተናግዱ» አልኩ። እሱም ተነሳ፣ እኔም ተነሳሁ። ጩኸታችን ሪሴፕሽን ድረስ ተሰምቷል።

አቶ ላሊሞ ተቀምጠው ሐይቁን ያያሉ። ትንፋሽ ስናጣ «ጨረሳችሁ?» አሉ። «ምሕረት፣ አድማ መብት ነው። መንገዱን አዋጁ ጽፎታል፣ ቅዳሜ ላይ መዝለል ግን መንገዱ አይደለም። አቶ ዮናታን፣ ማሰናበትም መብት ነው። እሱም መንገድ አለው።» ከዚያ ዞር ብለው አዩን። «ዛሬ መልሳችሁ ንገሩኝ ብላችሁም የምትሰሙ አይመስለኝም። ስለዚህ ቦታ ተለዋወጡ። ምሕረት ሥራ አስኪያጅ ናት። አቶ ዮናታን ታደለች ናቸው።»

አቶ ዮናታን ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ከእኔ ጀመሩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እኔ ሥራ አስኪያጅ ስሆን! እግሬን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ላሾፍበት ነበር ያሰብኩት። ግን እየቆየ ነገሩ ያዘኝ። «እንግዳው ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ መጥቷል፣ ክፍሉ አልተጸዳም። የእሷን ክፍሎች የሚያጸዱት ጓደኞቿ ናቸው፣ ወገባቸው ሊቆረጥ ነው፣ ማን አመሰገናቸው? ስጠይቅ አንድም ሰው እውነት አይነግረኝም። ይህን ሁሉ ሰው የማስተዳድረው በውሸት ላይ ቆሜ ነው እንዴ?» ስል የገዛ ጆሮዬ ቆመ። ግን ማቆም የት አባቱ! ሞቅ ብሎኛል። ጠረጴዛውን መታሁና «ስለዚህ ታደለች፣ ተሰናብተሻል» አልኩ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አባሏን አባረረች፣ ይኸውላችሁ ጉድ። እውነተኛዋ ታደለች አፏን በነጠላዋ ሸፍና ታየኛለች።

አቶ ላሊሞ ወደ አቶ ዮናታን ዞሩ። «ታደለች፣ ሰማሽ? ምን ትያለሽ?»

«እኔ... እኔ ሠራተኛ ነኝ» አለ፣ እየሳቀ። «ሥራዬን እሠራለሁ።»

«በሥራ ሰዓት የት ነው የምትሄጂው?»

«እ... አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም? ራስሽ አይደለሽ? ካላወቅሽ ጠይቂያት።»

አቶ ዮናታን ወደ ታደለች ጎንበስ አለ። ታደለች አየችኝ። እኔ ምን እላለሁ፣ አሁን ያባረርኳት ሰው ነኝ። ጆሮው ሥር አንድ ነገር ሹክ አለችው። ጆሮው ሲቀላ አየሁት።

«ንገሪና» አሉ አቶ ላሊሞ።

«ልጄን ላጠባ ነው የምሄደው» አለ አቶ ዮናታን።

ይህን ነገር በዚያ ሆቴል ከአለቃ ፊት ጮክ ብሎ የተናገረው የመጀመሪያው ሰው ራሱ አለቃው ሆነ። እኛ ስንት ጊዜ ሙሉ እንደ ነውር ደብቀነው።

«የት ነው ልጅሽ?» አቶ ላሊሞ አልለቀቁትም። እሱም እየጠየቃት፣ እየሰማት ይመልሳል። «ከአጥሩ ውጭ። እህቴ ይዛው። ዝናብ ሲሆን ላስቲክ ይለብሳል። ካልሄድኩ ጡቴ ይሞላና ልብሴን ያርሰዋል... እንግዳ ፊት አፍራለሁ...» ከዚያ ሹክ ሳትለው በራሱ «ለምንድነው ያልነገርሽኝ?» አለና ወዲያው ታደለች መሆኑን አስታውሶ ራሱ መለሰው። «ቢያባርሩኝስ ብዬ።»

አቶ ዮናታን ዘሎ ተነሳና ወደ እኔ፣ ወደ ሥራ አስኪያጇ ዞረ። «ይህቺን ሴትዮ ማባረር አይቻልም!» አለኝ።

«አፊኒ?» አሉ አቶ ላሊሞ በቀስታ። «አቶ ዮናታን፣ አሁን ማንን ነው የከለከሉት?»

ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም፣ ሥራ እንጂ። ላውንደሪው አጠገብ ያለው የአንሶላ ማስቀመጫ ክፍል ለማጥቢያ ባዶ ይሁን ተባለ፤ አቶ ዮናታን ራሱ ነው ያለው። እኔ በበኩሌ የጓደኞቿን ወገብ አነሳሁ። ታደለች ዘግይተው የሚለቀቁትን ክፍሎች ትውሰድ፣ ለማጥባትም የታወቀ ሰዓት ይኑራት፣ ሽፋን የምትሰጣት ጓደኛም ስሟ ተመዝግቦ ተራ ይያዝላት፣ ማንም ከእንግዲህ «ስቶር ናት» እንዳይል። አቶ ላሊሞ «ያልተሰማ አለ?» አሉ። የለም አልን። ሰዓታቸውን አሰሩ። ጎንበስ ብለው ፌስታሉን ከወንበራቸው ሥር አወጡና ለታደለች ሰጧት።

«ነገ ለብሰሽ ነይ» አሏት።

የልጁን ፍራሽ ወደዚያ ክፍል የተሸከሙት እሳቸውና አቶ ዮናታን ናቸው፣ አንዱ በአንድ ጫፍ። ደረጃው ላይ ተያይዘው ሊወድቁ ነበር። ከታደለች ልጅ በኋላ ስንት ልጅ እዚያ አደገ። ቅዳሜ ሠርጉንም አስተናገድን፣ እንደዚያን ቀን ጨፍሬ አላውቅም።

እንግዲህ ወደ ሽኝቱ ልመለስ። አቶ ዮናታን ንግግሩን ይዞ ባዶውን ወንበር አየ። «ለማን ነው የማነበው?» አለ። ታደለች ብድግ አለች፣ ፌስታሉን ከወንበሯ ሥር አወጣች። «ሰርቪሱ ይነሳ» አለች። በቃ። ተረኞቹን ትተን የቻልነውን ያህል ሰው የሠራተኛ አውቶቡሱ ውስጥ ታጭቀን ወደ አቶ ላሊሞ ቤት ተነሳን። ኬኩ ጭኔ ላይ ነው። የምሥራቅ መንገድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ክሬሙ አገጬን ይስመኛል። ሰው ይዘፍናል፣ ሾፌሩ ጥሩምባውን ይለቀዋል፤ ሙሽራ የምንወስድ መስሎት መንገደኛው ያጨበጭብልናል።

አቶ ላሊሞ ግቢያቸው ውስጥ በነጠላ ጫማ ቆመው አቮካዶ ያጠጣሉ። ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያዩ የውሃውን ጎማ እንደያዙ ቀሩ።

«ሽኝት አልወድም» አሉ። «ደህና ሁኑ ማለት አልችልበትም።»

ታደለች ፌስታሉን ዘረጋችላቸው። አልተቀበሏትም።

«መጀመሪያ ሰምተሽኛል?»

«ሰምቻለሁ» አለች። «ብዙ ሠርቻለሁ፣ ጉልበቴ ደክሟል፣ የሰው ጠብ ጠግቤያለሁ፣ አሁን አቮካዶዬን ላጠጣ ይላሉ። ትክክል ነው?»

«ትክክል ነው።»

«እንግዲያው እርስዎም የኔን ወገን ይመልሱልኝ።»

ውሃው ነጠላ ጫማቸው ላይ ይፈሳል፣ ልብ አላሉትም። ያን ሁሉ ዘመን ሰውን ሁሉ የሰማኸውን መልስ ሲሉ፣ እሳቸውን መልሱ ያላቸው ሰው አልነበረም፤ ይህ የገባኝ ያኔ ነው።

«እኔ ታደለች ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ልብሴን ልመልስ ስመጣ አንድ ሰው ተቀበለኝና ከወንበሩ ሥር አስቀመጠልኝ። ስለዚህ ልብሱን መልሶ የሚሄድ ሰው ሳይ...»

«ዝም ብዬ አላየውም» ብላ ጨረሰችላቸው። «ትክክል ነው። ሥራ ይግቡ አላልኩም። ነገር ሲከብደን ግን እንመጣለን። ኮቱ እዚሁ ይሁን።»

እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ፌስታሉን ተቀበሉ። ኮቱን አወጡና ከቤት ካናቴራቸው ላይ ለበሱት። መታወቂያውን አንገታቸው ላይ አጠለቁ። ከዚያ ወደ ሁላችንም ዞረው፣ በዚያ በምናውቀው ድምፅ «ያልተሰማ አለ?» አሉ።

አቶ ዮናታን ከኋላ እጁን አወጣ። «ኬኩ እያለቀ ነው። ምሕረት ልብስ ላይ።»

ስንበላ፣ ስንስቅ፣ ስናለቅስ ዋልን። ወደ አውቶቡሱ ስንመለስ ታደለች ባዶውን ፌስታል መሬት ላይ አገኘችው። አራገፈችው፣ በሥርዓት አጠፈችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ምን ያደርግልሻል?» አልኳት።

«ይቀመጥ» አለች። «ልብሱን ይዞ የሚመጣ ደግሞ አይጠፋም።»